ዮናስ ታደሰ በቀለ ዳታቤዙ ውስጥ ሲገባ ማን ይሆናል? ስለ ባለስም ፓራሜትሮች

የኢትዮጵያዊ ስም ለዳታቤዝ አስቸጋሪ የሚሆነው በፊደሉ ምክንያት አይደለም። የፊደሉን ጉዳይ ዩኒኮድ ከፈታው ቆይቷል። ችግሩ ሦስቱም ስሞች የሰው ስም መሆናቸው ነው። «ዮናስ ታደሰ በቀለ» የሚለውን ውሰዱ። ዮናስ ልጁ፣ ታደሰ አባቱ፣ በቀለ አያቱ ነው። ግን «ታደሰ በቀለ ዮናስ» የሚባል ሰውም ሊኖር ይችላል፤ «በቀለ ዮናስ ታደሰ»ም እንዲሁ። ሦስት ስሞች በስድስት ዓይነት ቅደም ተከተል ሊደረደሩ ይችላሉ፤ ስድስቱም ጤናማ ስም ይመስላሉ፤ ትክክሉ ግን አንዱ ብቻ ነው። ኮምፒውተሩ ስድስቱንም «ጽሑፍ» ብሎ ይቀበላቸዋል።

ይህን ይዘን ከአፕሊኬሽን ኮድ የዳታቤዝ ፈንክሽን እንዴት እንደሚጠራ እንይ። ለጀማሪዎች ባጭሩ፦ የዳታቤዝ ፈንክሽን ማለት ዳታቤዙ ውስጥ ተቀምጦ በስሙ የሚጠራ ሥራ ነው። ከውጭ ያለው ኮድ ዋጋዎችን ያቀብለዋል፣ እሱ ሥራውን ሠርቶ መልስ ይመልሳል። ዋጋዎቹን የሚቀበልባቸው ቦታዎች ፓራሜትሮች ይባላሉ። ምሳሌዎቼን በፖስትግሬስ አደርጋለሁ፤ የምጽፈውም የጥሪውን ክፍል ብቻ ነው። ስሞቹን በፊደል የጻፍኩት ለማሳመር አይደለም፦ ፖስትግሬስ በግዕዝ ፊደል የተጻፈ የፈንክሽንና የፓራሜትር ስም በእርግጥ ይቀበላል። ከእሱ ጋር የሚመጡ ጣጣዎች አሉ፤ ወደ ኋላ ላይ እመለስባቸዋለሁ።

አንድ ተማሪ የሚመዘግብ ፈንክሽን አለን እንበል። ብዙ ሰው የሚጠራው እንዲህ ነው፦

ተማሪ_መዝግብ('ዮናስ', 'ታደሰ', 'በቀለ', 5, 3, 2016)

ይህ በአቀማመጥ መጥራት ነው። የመጀመሪያው ዋጋ ለመጀመሪያው ፓራሜትር፣ ሁለተኛው ለሁለተኛው ይደርሳል። ጥሪውን ብቻ የሚያነብ ሰው 5ቱ ቀን ይሁን ወር ሊያውቅ አይችልም። በስም ስንጠራው ደግሞ፦

ተማሪ_መዝግብ(
  የራስ_ስም => 'ዮናስ',
  የአባት_ስም => 'ታደሰ',
  የአያት_ስም => 'በቀለ',
  የልደት_ቀን => 5,
  የልደት_ወር => 3,
  የልደት_ዓመት => 2016
)

አሁን ቅደም ተከተሉ ለውጥ አያመጣም። የአያቱን ስም መጀመሪያ ብትጽፉትም ወደ ቦታው ይሄዳል። ፖስትግሬስ ይህን አጻጻፍ ያስገባው በ2010 በወጣው 9.0 ነው፤ ያኔ ምልክቱ := ነበር። => የመጣው በ2016 መጀመሪያ ከወጣው 9.5 ጋር ነው። አሮጌው ምልክት ዛሬም ይሠራል፤ እኔ ግን አዲሱን እመርጣለሁ፣ ለአማርኛ ጸሐፊ የተለየ ምክንያትም አለው።

ቁጥሮቹ ላይ ትንሽ እንቆይ። ፖስትግሬስ የራሱ የቀን ዓይነት የኢትዮጵያን አቆጣጠር ስለማያውቅ የእኛን ቀን የሚቀበሉ ፈንክሽኖች ብዙ ጊዜ ሦስት ቁጥር ይወስዳሉ። ከላይ ያለው ልጅ የተወለደው ኅዳር 5 ቀን 2016 ነው፤ በፈረንጆቹ ኖቬምበር 15 ቀን 2023። ቀኑና ወሩ ቢቀያየሩ ጥር 3 ይሆናል፤ ጃንዩዋሪ 12 ቀን 2024። ልዩነቱ 58 ቀን ነው፣ ማንም ግን «ስህተት» አይልም፤ ምክንያቱም ሁለቱም እውነተኛ ቀናት ናቸው። እንዲህ ሳይታወቅ ሊገለበጥ የሚችለው ስንት ቀን ነው ብዬ ቆጠርኩት። ቀኑም ወሩም ከ1 እስከ 12 የሆኑት 144 ናቸው፤ ከእነሱ ውስጥ ቀንና ወራቸው እኩል የሆኑት 12ቱ ቢገለበጡም ያው ናቸው፤ 132 ይቀራል። የጳጉሜን 5 ቀናት ከአምስቱ የመጀመሪያ ወራት 13ኛ ቀን ጋር ይለዋወጣሉ፤ ያ 10 ይጨምራል። ድምሩ ከ365 ቀናት 142 ነው። ከሦስቱ ልደት ከአንዱ በላይ ማለት ነው። ሙከራ የምታደርጉት በመስከረም 1 ቀን ከሆነ ደግሞ ቀኑም ወሩም 1 ስለሆነ ስህተቱን በጭራሽ አታገኙትም።

ልጁ አያት የሆነበት መዝገብ

ውጭ አገር የኛ ልጆች ቅዳሜና እሁድ አማርኛ የሚማሩበት አንድ ትምህርት ቤት አለ። መዝገባቸውን እንድመለከትላቸው የጠሩኝ የምስክር ወረቀት ሲታደል አንዲት እናት «ልጄን በባለቤቴ ስም ጠራችሁት እኮ» ስላሉ ነው። ነገሩ አንድ ልጅ ላይ አላቆመም፤ አንድ ሙሉ ክፍል እንዲያው ነበር።

የሆነው ይህ ነው። ፈንክሽኑ መጀመሪያ የሚቀበለው የራስ፣ የአባት፣ የአያት ብሎ ነበር። ከጊዜ በኋላ ሥራውን የተረከበው ፕሮግራመር የዚያው አገር ሰው ነው፤ በእነሱ ፎርም የቤተሰብ ስም ስለሚቀድም የአያትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ቆጥሮ ከፊት አመጣው። በእሱ ዓይን ሲታይ ምንም ክፋት የለውም። ዌብሳይቱ ላይ ያለውን ጥሪም አስተካክሏል። ነገር ግን ሬጅስትራሯ ከኤክሴል ፋይል ተማሪዎችን የምታስገባበት ትንሽ ስክሪፕት ነበረች፤ እሷን ያስታወሰ አልነበረም። ስክሪፕቷ እንደ ድሮው ዮናስ፣ ታደሰ፣ በቀለ ብላ ላከች። ፈንክሽኑ ደግሞ አያት፣ ራስ፣ አባት ብሎ ተቀበለ። ስለዚህ ታደሰ ተማሪ፣ በቀለ አባት፣ ትንሹ ዮናስ ደግሞ አያት ሆኖ ተመዘገበ።

ዳታቤዙ ዝም ብሎ አላለፈውም፤ ይህን መናገር ፍትሕ ነው። ፖስትግሬስ ውስጥ ያለን ፈንክሽን በሌላ ስትተኩ የፓራሜትሮቹን ስም ብትቀይሩ «የመግቢያ ፓራሜትር ስም መቀየር አይቻልም» የሚል ስህተት ይሰጣል። መጀመሪያ ፈንክሽኑን ማጥፋት፣ ከዚያ እንደ አዲስ መፍጠር ግዴታ ነው። ይህ ክልከላ ያለምክንያት አይደለም፤ በስም የሚጠራችሁ ኮድ ካለ ስሙ የውሉ አካል ነው። ፕሮግራመሩ አጥፍቶ ፈጠረው፤ የሚያግደውም አልነበረም።

ያቺ ስክሪፕት በስም ብትጠራ ኖሮ? የፓራሜትሮቹ መደዳ ቢለወጥም ስማቸው ስላልተለወጠ ዮናስ ዮናስ ሆኖ ይቀር ነበር። ስሞቹም ተለውጠው ቢሆን ጥሪው ወዲያው ይወድቅ ነበር። ሁለቱም ከዝምታው ይሻላሉ። የወደቀ ፕሮግራም በአንድ ሰዓት ይታያል፤ የተሳሳተ ስም ግን ወደ ምስክር ወረቀት፣ ከዚያ ወደ ሌላ ቢሮ ፎርም እየተገለበጠ ይሄዳል። ውጭ አገር የምንኖር ሰዎች ሁለት ወረቀት ላይ ስማችን ሳይገጥም ሲቀር ምን ያህል ደጅ እንደሚያስጠና እናውቀዋለን።

ሁለት ዓይነት ስም

ዋናው ነገር እዚህ ነው፤ ልምድ ያላቸው ሰዎችም ሲስቱት አያለሁ። በአፕሊኬሽን ኮድ ውስጥ ሌላ ዓይነት ስም አለ። በፓይተን ኤስኪውኤል አልኬሚ ብትጠቀሙ ጥያቄውን እንዲህ ልትጽፉት ትችላላችሁ፦

ተማሪ_መዝግብ(:የራስ_ስም, :የአባት_ስም, :የአያት_ስም)

ሲያዩት በስም የተጠራ ይመስላል። አይደለም። ከሁለት ነጥብ ቀጥሎ ያለው ስም የቦታ ያዥ ስም ነው፤ ዋጋው ከየት እንደሚመጣ ለድራይቨሩ የሚነግር ምልክት። ድራይቨሩ ዋጋውን ከዲክሽነሪ አንስቶ ቦታው ላይ ያደርገዋል፤ ስሙ ከዚያ አያልፍም። ዳታቤዙ ጋ የሚደርሰው «አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ» ብቻ ነው። ፈንክሽኑ የሚጠብቀው አያት፣ ራስ፣ አባት ከሆነ ከላይ ያለው ጥሪ ስሞቹ ሁሉ በትክክል ተጽፈው ሳለ ስህተት ይሠራል። የሚያዘናጋውም ይኸው ነው፤ ኮዱን የሚገመግም ሰው ስሞቹን አይቶ «ተስተካክሏል» ብሎ ያልፋል።

ሁለቱን ስሞች የምናገናኛቸው እኛው ነን፦

ተማሪ_መዝግብ(
  የራስ_ስም => :የራስ_ስም,
  የአባት_ስም => :የአባት_ስም,
  የአያት_ስም => :የአያት_ስም
)

ድግግሞሽ ይመስላል፣ ግን እያንዳንዱ መስመር ሁለት አድማጭ አለው። ከቀስቱ በግራ ያለውን የሚሰማው ዳታቤዙ ነው፤ በቀኝ ያለውን ድራይቨሩ። በጃቫስክሪፕት የኖድ የፖስትግሬስ ድራይቨር ውስጥ ቦታ ያዦቹ ቁጥር ብቻ ስለሆኑ ልዩነቱ ይበልጥ ይታያል፦

ተማሪ_መዝግብ(የራስ_ስም => $1, የአባት_ስም => $2, የአያት_ስም => $3)

ኦራክልን ከዶትኔት ለሚጠሩ ደግሞ ከዚህ የባሰ ወጥመድ አለ። የኦራክል የዶትኔት ድራይቨር ፓራሜትሮችን ስም እየሰጣችሁ እንድትጨምሩ ይፈቅድላችኋል፤ ነገር ግን «ባይንድ ባይ ኔም» የሚለው ማብሪያ ካልተነገረው በቀር ጠፍቶ ነው ያለው። ሲጠፋ የሰጣችሁትን ስም አይቶ እንዳላየ ያልፍና በጨመራችሁበት ቅደም ተከተል ያስቀምጣል። ስም ጠይቆ ስሙን አለመስማት ምን የሚሉት እንግዳ ተቀባይነት ነው? ማብሪያውን በግልጽ አብሩት።

በስም መጥራትን በራሳቸው የሚሠሩ መንገዶችም አሉ። ሱፓቤዝ ላይ ፈንክሽን ስትጠሩ የምትልኩት ጄሰን ነው፤ ቁልፎቹ የፓራሜትሮቹ ስሞች ናቸው፦

{"የራስ_ስም": "ዮናስ", "የአባት_ስም": "ታደሰ", "የአያት_ስም": "በቀለ"}

እዚያ ሥራው የሚሄደው በስም ስለሆነ ከዚህ ዓይነቱ ጣጣ ትድናላችሁ። በፓይተን ሳይኮፒጂ 2 ከ2.7 ጀምሮ «ኮልፕሮክ» የሚለው ትእዛዝ ዲክሽነሪ ሲሰጡት ጥሪውን በስም ይሠራ ነበር። ሳይኮፒጂ 3 ግን ትእዛዙን ጨርሶ ትቶታል፤ ጥሪውን ራሳችሁ ጻፉ ነው የሚለው። እኔ ይህን እደግፋለሁ። ቀስቱ ዓይኔ ፊት ሲሆን ምን እንደሚሆን አውቃለሁ።

ያልተላከና ባዶ የተላከ

በስም መጥራት ሌላ ጥቅም አለው፤ ዲፎልት ያላቸውን ፓራሜትሮች መዝለል ይቻላል። ፈንክሽኑ በመጨረሻ ላይ ክፍል እና ቋንቋ የሚሉ፣ 1 እና 'አማርኛ' የሚል ዲፎልት ያላቸው ሁለት ፓራሜትሮች አሉት እንበል። ክፍሉን ሳትነኩ ቋንቋውን ብቻ መስጠት በአቀማመጥ አይቻልም፤ በስም ግን ቋንቋ => 'ትግርኛ' ብላችሁ ትጨርሳላችሁ። ሁለቱን አጻጻፍ ማደባለቅም ይፈቀዳል፤ ያለ ስም የሚሰጡት ግን መቅደም አለባቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጠንቀቅ በሉ። ከፎርም የመጣው ቋንቋ ባዶ ከሆነና የፓይተን «ነን» ከላካችሁ ዳታቤዙ የሚያየው «ናል» ነው። ናል ደግሞ የተላከ ዋጋ ነው፤ ዲፎልቱ አይነሳም። ተማሪው አማርኛ ሳይሆን ቋንቋ የሌለው ሆኖ ይገባል። ዲፎልቱ የሚሠራው ፓራሜትሩ ጥሪው ውስጥ ጭራሽ ሳይጠቀስ ሲቀር ብቻ ነው።

ስለዚህ ያልተሞሉትን ትቶ የተሞሉትን ብቻ የሚጠራ ኮድ መጻፍ ይመጣል፤ አደጋውም አብሮ ይመጣል። ዋጋን በቦታ ያዥ መላክ ይቻላል፤ የፓራሜትር ስምን ግን አይቻልም። ስሙ የጥያቄው ጽሑፍ አካል ነው። ከተጠቃሚ የመጣውን ጄሰን ቁልፎች ወስዳችሁ በቀጥታ ጥሪው ውስጥ ከለጠፋችሁ ተጠቃሚው ዳታቤዛችሁ ላይ የፈለገውን ትእዛዝ እንዲጽፍ በር ከፈታችሁ ማለት ነው። ብዙ ሰው ዋጋዎቹን በቦታ ያዥ ስለላከ ብቻ «ተጠብቄያለሁ» ብሎ ይተኛል። የሚፈቀዱትን ስሞች ኮዳችሁ ውስጥ በዝርዝር አስቀምጡ፤ ከዝርዝሩ ውጭ የመጣ ቁልፍ ካለ ጥያቄውን መልሱት። ሳይኮፒጂ ስምን ለይቶ በጥቅስ የሚያስቀምጥ መሣሪያ አለው፤ ያንንም ተጠቀሙ፣ ዝርዝሩን ግን አይተካም።

በፊደል ስም ስንሰጥ

ቀደም ብዬ ጣጣ አለው ያልኩት ይህ ነው። የመጀመሪያው ርዝመት ነው። ፖስትግሬስ ላይ አንድ ስም ካልተቀየረ በቀር እስከ 63 ባይት ብቻ ይይዛል። አንድ የላቲን ፊደል በዩቲኤፍ-8 አንድ ባይት ሲወስድ የእኛ አንድ ፊደል ሦስት ይወስዳል። ስለዚህ ያለን 21 ፊደል ነው። የረዘመውን ማስታወቂያ ሰጥቶ ይቆርጠዋል፤ የመጀመሪያ 21 ፊደላቸው አንድ የሆነ ሁለት ፓራሜትሮች እንደ አንድ ስም ይቆጠራሉ። «የአባት_ስም» የምትል አጭር ስም በቂ ናት።

ሁለተኛው ሞክሼ ፊደላት ናቸው። እኔ የልደት_ዓመት ብዬ የሰየምኩትን ሌላው የልደት_አመት ብሎ ቢጠራው ለጆሮ አንድ ነው፤ ለዳታቤዙ ግን ሌላ ስም ነው። የሚሰጠው መልስ ደግሞ ያሳስታል። ዋናው መልእክት «እንዲህ ያለ ፓራሜትር የለም» ሳይሆን «እንዲህ ያለ ፈንክሽን የለም» የሚል ነው። ፈንክሽኑ ፊታችሁ ተቀምጦ «የለም» ሲባል ያበሳጫል፤ እንዲህ ሲላችሁ መጀመሪያ የፓራሜትሮቹን ስም ፊደል በፊደል አመሳክሩ። በአንድ ፕሮጀክት ውስጥ ሀ እና ሐ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ የት እንደሚጻፉ አስቀድሞ መስማማት ያዋጣል።

ሦስተኛው ከ:= ይልቅ => የምመርጥበት ምክንያት ነው። አንዳንድ የአማርኛ ኪቦርዶች የላቲኑን ሁለት ነጥብ ስትጫኑ የእኛን ፡ ይጽፋሉ። ለዓይን ልዩነታቸው ጥቂት ነው። ፖስትግሬስ ደግሞ ከአስኪ ውጭ ያለን ማንኛውንም ምልክት እንደ ስም አካል ይቆጥረዋል፤ ፡ ከስሙ ጋር ተጣብቆ «የራስ_ስም፡» የሚባል አዲስ ስም ይሆናል፣ የቀረው = የማወዳደሪያ ምልክት ሆኖ ይነበባል፣ መልሱም «እንዲህ ያለ ኮለም የለም» ይሆናል። ቀስቱ ውስጥ እንዲህ የሚምታታ ምልክት የለም።

በጎ ጎኑም አለ። ፖስትግሬስ ያለ ጥቅስ የተጻፈን የላቲን ካፒታል ፊደል ወደ ትንሹ ይቀይራል፤ በዚህ ምክንያት የሚባክን ሰዓት ብዙ ነው። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ ስለሌለው ይህ ራስ ምታት አይነካንም።

ሌሎቹ ዳታቤዞች እኩል አይደሉም። ኦራክል ቀስቱን ያውቃል። ኤስኪውኤል ሰርቨር ለስቶርድ ፕሮሲጀር በስም መጥራትን ይፈቅዳል፤ በጥያቄ መሐል የሚጠራ ፈንክሽን ግን በአቀማመጥ ነው። ማይኤስኪውኤል ላይ በአቀማመጥ ብቻ ነው። እዚያ የምትሠሩ ከሆነ ጥሪውን አንድ ቦታ ብቻ፣ በአፕሊኬሽናችሁ ቋንቋ በተጻፈ አንድ ፈንክሽን ውስጥ ሸፍኑት፤ ፓይተን በስም ብቻ እንዲጠራ ማስገደድ ይችላል። ሌላው ኮድ ሁሉ በዚያ በኩል ይለፍ።

ፍጥነቱን የሚጠይቁኝ አሉ። ፖስትግሬስ ስሞቹን ወደ ቦታቸው የሚመልሰው ጥያቄውን ሲያዘጋጅ ስለሆነ የሚያሳስብ ነገር የለም። እኔ አንድ ፓራሜትር ያለውን ፈንክሽን በስም አልጠራም፤ ሁለት ሆነው ዓይነታቸው የተለያየ ከሆነም ብዙ ጊዜ እተወዋለሁ። አንድ ዓይነት የሆኑ ሁለት ጎን ለጎን ካየሁ ግን ቀስቱን እጽፋለሁ።

ነባር ዳታቤዝ ላይ ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ነገር ፈትሹ። ፖስትግሬስ ፓራሜትሮችን ያለ ስም፣ በዓይነታቸው ብቻ መፍጠር ይፈቅዳል፤ በድሮ ኮድ ውስጥ እንዲህ ያሉ ፈንክሽኖች ይገኛሉ። ስም የሌለውን በስም መጥራት አይቻልም። ደስ የሚለው፣ ክልከላው ያለን ስም መቀየር ላይ እንጂ ለሌለው ስም መስጠት ላይ አይደለም፤ ስለዚህ ፈንክሽኑን ሳታጠፉ ስም እየሰጣችሁ በላዩ ላይ መተካት ትችላላችሁ። በአቀማመጥ የሚጠራው አሮጌ ኮድ ምንም ሳይሰማው ይቀጥላል፤ እናንተም ጥሪዎቹን አንድ በአንድ ወደ ስም ትመልሷቸዋላችሁ። እኔ ብሆን ሬጅስትራሯ ከምትጠቀምባት ስክሪፕት እጀምር ነበር።